ቀስ ብሎ መዞርም ትምህርት ነው፦ ከኮቺ እስከ ጁገል

ህንድ ደርሼ መጣሁ ስል ሰው የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው «ማን ታሞ ነው?»፣ ሁለተኛው «ታጅ መሐልን አየኸው?» ለመጀመሪያው፦ አክስቴን ላስታምም ነው የሄድኩት፤ ተመስገን፣ ታክማ በሰላም ተመልሳለች። ለሁለተኛው፦ አላየሁም። የነበርኩበት ከተማ ኮቺ ይባላል። ከታጅ መሐል በጣም ሩቅ ነው፤ በደቡብ ምዕራብ ህንድ፣ ኬረላ በሚባለው ግዛት፣ ዐረብ ባሕር ዳር ላይ ያለ የወደብ ከተማ።

ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ሕክምናውም ስለ ጉዞውም አይደለም። ሐኪሞቹ «ውጤቱ ነገ ነው» ብለው ባሰናበቱን አንድ ቀን፣ አክስቴን ከእህቷ ጋር ትቼ ከጓደኞቼ ጋር ከተማውን በእግሬ ዞርኩ። ሁለቱ እዚያ ማስተርስ የሚማሩ የእኛ ልጆች ናቸው፣ አንዱ የድሬ ልጅ። አራተኛው የክፍል ጓደኛቸው የሆነ የኮቺ ተወላጅ ነው። አስጎብኚ አልነበረንም። ፕሮግራምም አልነበረንም። የቸኮለም አልነበረም። ከዚያ ቀን ይዤው የመጣሁት አንድ አቋም አለ፤ ቀድሜ ልናገረውና የማይስማማ ካለ ኮሜንት ላይ እንከራከር፦

ልጆቻችንን በትምህርት ቀን፣ በገዛ ከተማቸው፣ በእግራቸው ካላዞርናቸው ታሪክ አስተማርናቸው ማለት አንችልም።

ረጅም ነው። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

በመጀመሪያ «መዞር» ስለሚባለው ነገር እንነጋገር። እኛ ዘንድ ሥራ ሳይኖረው ከተማ ውስጥ የሚዞር ሰው ወይ ዱርዬ ነው ወይ ሥራ ፈት ነው። «ምን ትዞራለህ?» ብሎ መጠየቅ ስድብ ነው የሚቀረው። ተማሪ በትምህርት ሰዓት ውጭ ከታየ ፎርፏል ማለት ነው። መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ከወጣ ደግሞ «ሽርሽር ናቸው» ይባላል። ስለዚህ አርባ ደቂቃ፣ ጠመኔ፣ ሰሌዳ፣ ደወል። በቃ።

ኮቺ ላይ ያየሁት ሌላ ነው። ከኤርናኩላም፣ ማለትም ከዋናው ከተማ፣ ፎርት ኮቺ ወደሚባለው አሮጌ ሰፈር በጀልባ ነው የሚኬደው። ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በባትሪ የሚሠሩ ዘመናዊ ጀልባዎች አሏቸው፣ ዋተር ሜትሮ ይሉታል። እኛ ግን የመረጥነው አሮጌውን የመንግሥት ጀልባ ነው። ዋጋው አንድ ብርጭቆ ሻይ አይገዛም። ከጎኔ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች፣ ዓሣ የያዙ እናቶች፣ ጋዜጣ የሚያነብ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው፤ በመካከሉ ግዙፍ የጭነት መርከቦች ቆመው ታያላችሁ። እነዚያ ተማሪዎች በየቀኑ ትምህርት ቤት ለመድረስ የዓለምን ንግድ አቋርጠው ያልፋሉ ማለት ነው። ጂኦግራፊ ማለት ይሄ አይደል?

ከጀልባው ወርደን ትንሽ እንደሄድን የቻይና መረብ የሚባሉት ዓሣ ማጥመጃዎች አሉ። ፎቶ ላይ አይታችኋቸው ይሆናል። ከትላልቅ እንጨቶች የተሠራ ክንድ ነው፤ ከጫፉ ላይ እንደ ትልቅ ጎድጓዳ የተንጠለጠለ መረብ አለ። ከቻይና ነጋዴዎች ዘመን ጀምሮ የነበሩ ናቸው ይባላል። አሠራሩ የሚገርም ነው። አንድ ሰው በዋናው ግንድ ላይ እየተራመደ ወደ ፊት ሲሄድ በክብደቱ ክንዱ ያጎነብስና መረቡ ውኃ ውስጥ ይገባል። ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ከዚያ ከኋላ አራት አምስት ሰው ገመድ ይስባል። ገመዱ ላይ ድንጋዮች እየተፈራረቁ ታስረዋል፤ መረቡ ሲነሣ ድንጋዮቹ አንድ በአንድ መሬት ላይ ያርፋሉ። ሞተር የለውም። ሌቨር ነው፣ ሚዛን ነው። የድሬው ልጅ «ይሄን በአሥረኛ ክፍል ፊዚክስ በፎርሙላ ነበር የሸመደድኩት፣ ዛሬ ገባኝ» አለ። ልጁ ኢንጂነር ነው እንግዲህ።

መረቡ ሲወጣ ግን እኔን የያዘኝ ዓሣው አልነበረም። እምቦጭ ነው! ጣናን የበላው ያው አረም፣ ያው ወይን ጠጅ አበባ። ከመረቡ ላይ በእጃቸው እየለቀሙ ይጥሉታል። ዓሣ አጥማጁን በኮቺው ጓደኛችን በኩል ጠየቅነው። ዓሣው እንደ ድሮው አይደለም፣ አረሙ መረባችንን ይበላብናል፣ አሁን ከዓሣው ይልቅ ፎቶ የሚያነሳው ቱሪስት ነው የሚያኖረን አለን። የጣና ዓሣ አጥማጅና የኮቺ ዓሣ አጥማጅ አንድ ጠላት አላቸው፤ አንዱ ስለ ሌላው ግን ሰምቶ አያውቅም። ይህን ለተማሪ በአንድ ፎቶ ማስተማር ይቻላል።

ከዚያ በአሮጌ ዛፎች ጥላ ሥር ሄደን ቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። መጀመሪያ በ1503 እ.ኤ.አ. ፖርቹጋሎች በእንጨት የሠሩት ነው፤ አውሮፓውያን ህንድ ውስጥ ከሠሯቸው አብያተ ክርስቲያናት ከጥንታዊዎቹ አንዱ። ፖርቹጋሎች ሲሄዱ ሆላንዶች ወሰዱት፣ ሆላንዶች ሲሄዱ እንግሊዞች። ውስጡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ከጣሪያው ላይ በገመድ እየተሳቡ ያራግቡ የነበሩ ረጃጅም ጨርቆች ተሰቅለዋል። ወለሉ ላይ፣ በአጥር የተከለለ አንድ የድንጋይ ክዳን አለ። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1524 እ.ኤ.አ. እዚሁ ኮቺ ላይ ሞቶ የተቀበረው እዚህ ነው። አፅሙ በኋላ ወደ ፖርቹጋል ተወስዷል፤ ድንጋዩ ግን አለ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ለእኛ፣ በተለይ ለሐረር ሰው፣ ይህ ድንጋይ የሩቅ ሰው ድንጋይ አይደለም። የዚህ ሰውዬ ልጅ ክሪስቶፎር ዳ ጋማ በ1541 እ.ኤ.አ. 400 ያህል ወታደር ይዞ ምጽዋ የወረደው ነው። የመጡት ከሊዝበን በቀጥታ አይደለም። ከህንድ፣ ከጎዋ ነው የተነሱት፤ በጊዜው የፖርቹጋል ህንድ ገዥ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ነው። ክሪስቶፎር በዓመቱ ተማርኮ በኢማም አሕመድ እጅ ተገደለ። ኢማሙም በ1543 እ.ኤ.አ. ወይና ደጋ ላይ ወደቁ። ከዚያም በፊት የእቴጌ እሌኒ መልእክተኛ ማቴዎስ ወደ ፖርቹጋል የተጓዘው በህንድ በኩል ነው። የእኛ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ግማሹ የሚያልፈው በዚህ ባሕር ዳር ነው።

አሁን ወደ ክፍሌ ልውሰዳችሁ። ሐረር የምታስተምሩ ታውቁታላችሁ። ይህን ምዕራፍ ስንደርስ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። ገሚሱ «ግራኝ» ይላል፣ ገሚሱ «ኢማም አሕመድ» ይላል። አንዱ አያቱ የተወረረ ይመስለዋል፣ ሌላው አያቱ የተሰደበ ይመስለዋል። መምህሩ መካከል ላይ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል፤ ቶሎ ብሎ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል። አብዛኛው ባልደረባዬ የሚያደርገው ይህንን ነው፤ አልፈርድበትም።

እዚያ ድንጋይ አጠገብ ስንቆም ግን ታሪኩ ሰፋ። ቫስኮ ዳ ጋማ እኮ በ1502 እ.ኤ.አ. ከመካ የሚመለሱ ተሳላሚዎችን የጫነች መርከብ፣ ሴቶችና ሕፃናት እያሉባት፣ በባሕር ላይ ያቃጠለ ሰው ነው። ፖርቹጋሎች የመጡት የቁንዶ በርበሬን ንግድ ከሙስሊም ነጋዴዎች ለመንጠቅ ነው። ኦቶማኖች ደግሞ በቀይ ባሕር በኩል ይህን ለመዝጋት ይታገሉ ነበር። በእኛ ተራሮች ላይ ከአንዱ ወገን የፖርቹጋል ጠመንጃ፣ ከሌላው ወገን የኦቶማን ጠመንጃ የተገኘው በአጋጣሚ አይደለም። የራሳችን የቆየ ጠብ ነበረን፣ አልክድም። ግን ጠባችን ውስጥ የሌላ ሰው ትልቅ ንግድ ገብቶበት ነበር።

ይህን ለተማሪ ስታሳየው የሆነ ነገር ይለወጣል። ልጁ የአያቱ ጠበቃ መሆኑን ትቶ ካርታ ማየት ይጀምራል። «እነሱስ ለምን መጡ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ለእኔ ከመቶ ትክክለኛ መልስ ይበልጣል። በዚህች አገር ባለፉት ዓመታት ስንት ሰው በታሪክ ትርክት ምክንያት ጎረቤቱን በጥርጣሬ እንዳየ ሁላችንም አይተናል። ታሪክን በሁለት ሰፈር ጠብ ልክ አጥብበን የምናስተምር ከሆነ እኛም እጃችን አለበት።

ቀጥሎ የወሰደን የኮቺው ጓደኛችን ነው። «የእናንተን ሰው ላሳያችሁ» አለን። ማታንቸሪ በሚባለው ሰፈር መንገድ ዳር ያለ ትንሽ ነገር ነው፤ ብትቸኩሉ አልፋችሁት ትሄዳላችሁ። ሻማ ይበራል፣ አበባ አለ፣ ሲጋራም ተቀምጧል። ካፒሪ ሙታፓን ይሉታል። «ካፒሪ» ለአፍሪካዊ ጥቁር ሰው የሰጡት ስም ነው፤ «ሙታፓን» አያት እንደማለት ነው። ታሪኩ እንዲህ ይነገራል፦ ፖርቹጋሎች ከአፍሪካ ባሕር ዳር ባሪያዎችን አምጥተው ነበር። በ1663 እ.ኤ.አ. ሆላንዶች ከተማዋን ሲይዙ ፖርቹጋሎች ሀብታቸውን ቀበሩ። መንፈሳቸው ሀብቱን እንዲጠብቅ ብለውም ባሪያዎቹን እዚያው ገድለው አብረው ቀበሯቸው። የሰፈሩ ሰው ሻማ የሚያበራው ለእነዚያ ነው። ሲጋራውና የሚበላው የሚቀመጠው አያትየው ይወዳል ተብሎ ነው። ጓደኛችን እንደነገረን የሚያበራው የአንድ ሃይማኖት ሰው ብቻ አይደለም።

አራታችንም ዝም አልን። ቀኑን ሙሉ ስንስቅ ነበር፣ እዚያ ጋ ግን ወሬ ጠፋ።

ስሙ የማይታወቅ፣ ከየትኛው መንደር እንደተወሰደ የማይታወቅ ሰው፣ በባዕድ አገር አያት ተብሎ ሻማ ይበራለታል። ከእኛ አገር ወገንስ? «ሐበሺ» እየተባሉ በዚያው ባሕር ተሻግረው ህንድ የተሸጡ ስንት ናቸው? አንዱን እናውቃለን፦ ማሊክ አምባር። በልጅነቱ ከኢትዮጵያ ምድር ተወስዶ፣ እጅ በእጅ ተሸጦ፣ በደካን የጦር መሪና የመንግሥት አስተዳዳሪ ሆነ። በኋላ አውራንጋባድ ተብላ የታወቀችውን ከተማ የቆረቆረ፣ የሙጋልን ጦር ለዓመታት ያስጨነቀ ሰው ነው፤ በ1626 እ.ኤ.አ. ሞተ። የሌሎቹ ግን ስማቸው የለም። ያ የባሪያ ንግድ መንገድ ደግሞ በሌላ አገር በኩል ብቻ አልነበረም የሚያልፈው፤ በእኛም ከተማ፣ በሐረር በኩል አልፏል። ሻጮቹም ባዕዳን ብቻ አልነበሩም። ይህን በክፍል ውስጥ ስንቶቻችን አፍ አውጥተን እንናገራለን? ኮቺ ላይ መንገድ ዳር ያለች ሻማ የምትናገረውን እኛ በመጽሐፍና በሰሌዳ አልተናገርነውም።

ምሳችንን ትንሽ ቤት ውስጥ በላን። አፓም የሚሉት ነገር አለ፤ ከሩዝ ሊጥ የሚጋገር፣ ሌሊቱን ሲቦካ የሚያድር፣ መሐሉ ለስለስ ያለ፣ ጠርዙ ስስ። ዓይን አለው! የድሬው ልጅ «የእንጀራ የአጎት ልጅ» ብሎ ስም አወጣለት። በዓሣ ወጥ፣ በቀኝ እጅ፣ እየተቆረሰ ይበላል። ባለቤቷ እኛ በእጃችን ያለ ምንም ችግር ስንበላ አይታ ተገረመች መሰለኝ፣ ሳንጠይቃት ጨመረችልን። እንግዳን «ብላ፣ ብላ» ማለት በማላያላምም አለ። ወሬው በትርጉም ነው፣ ጉርሻ ብቻ ነው የጎደለው።

ከሰዓት በኋላ የቅመም መጋዘኖች ባሉበት መንገድ ሄድን። ሽታው ከሩቅ ይጠራል፦ ዝንጅብል፣ ሄል፣ እርድ፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ቁንዶ በርበሬ። ዓይኔን ብጨፍን ሐረር ገበያ ውስጥ ነኝ። ይህም አጋጣሚ አይደለም። በአንደኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ጉዞ መመሪያ አዱሊስንም ሙዚሪስንም ይጠቅሳል። ሙዚሪስ ከኮቺ ትንሽ ወደ ሰሜን የነበረ የቁንዶ በርበሬ ወደብ ነው። በ1341 እ.ኤ.አ. ትልቅ ጎርፍ መጥቶ የዚያን አካባቢ ወደብ በደለል ሲደፍነው ንግዱ ወደ ኮቺ ዞረ ይላሉ። እኛ ጋ ደግሞ ደብረ ዳሞ ላይ ከ100 በላይ የኩሻን የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ ከሰሜን ህንድ የመጡ። ነፋሱ በዓመት ሁለት ጊዜ አቅጣጫውን ይለውጣል፣ መርከበኞቹም በነፋሱ ሄደው በነፋሱ ይመለሳሉ። አያቶቻችን በወጥ ውስጥ ያለው ቅመም ከየት እንደመጣ ባያውቁም፣ ወጣችን ያውቅ ነበር።

በዚያው ሰፈር በ1568 እ.ኤ.አ. የተሠራ ምኩራብ አለ፤ ወለሉ ከቻይና በመጡ ሰማያዊ ሥዕል ባለባቸው ሰቆች ተነጥፏል፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት አይደሉም ይባላል። ምእመናኑ እስራኤል ከተመሠረተች በኋላ አብዛኞቹ ሄደዋል። አጠገቡ ቤተ መንግሥት፣ ቤተ መቅደስ፣ ራቅ ብሎ መስጊድ አለ። ሁሉም በፍቅር ብቻ ኖሩ ብዬ አልሰብካችሁም። ስለ ባሪያዎቹ ነግሬያችኋለሁ። ግን ያጋጠማቸውን አላፈረሱትም፤ ክፉውም ደጉም መንገድ ላይ ቆሞ ይታያል፣ ሕፃን ልጅም በእግሩ ይደርስበታል።

ኮቺን ገነት አድርጌ እየሳልኩ እንዳይመስላችሁ። ባሕር ዳሩ ላይ ላስቲክና ቆሻሻ አለ፣ ሙቀቱ ልብስን ከሰውነት ጋር ያጣብቃል፣ ባለ ሦስት እግሩ ሾፌር እንደኛው አገር ባለ ባጃጅ ፈረንጅ ሲያይ ዋጋ ይቆልላል። (እኛንም ፈረንጅ አደረጉን፣ ምን ታደርገዋለህ!) ግን ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር አለ፣ ቁጭ ስትል የሚያስነሳህ የለም፣ ምንም ካልገዛህ ውጣ የሚልህም የለም። ሜዳው ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ አርጀንቲናና ብራዚል እየተባባሉ። አያቶች ፀሐይ ስትጠልቅ ሊያዩ ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ነፃ ነው።

እኛ ጋ አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከሰዓት በኋላ ምንም ሳይከፍል የት ይቀመጣል? መልሱን ሁላችንም እናውቃለን። ጊዜማ አላቸው። በርጫው ላይ የሚያልፈው ጊዜ እኮ ነው። ልጆቹን «ለምን እዚያ ሄዳችሁ» ብለን ከመቆጣታችን በፊት ሌላ የሚሄዱበት ቦታ አሳይተናቸዋል ወይ?

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህኛው ለመምህራን ነው። ለኮቺ በጣም ቅርብ የሆነች ትሪፑኒቱራ የምትባል ከተማ አለች። በ1922 እ.ኤ.አ. እዚያ የተወለደ ፖል ቨርጊስ የሚባል ሰው ነበር። የፖስታና ቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። በ1947 እ.ኤ.አ. ሥራውን ትቶ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ምን ሊሠራ? ሊያስተምር። አማርኛ ተማረ፣ በኋላም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አማካሪ እስከ መሆን ደረሰ። ከተመለሰ ከዓመታት በኋላ ጳጳስ ሆነ፤ ዓለም የሚያውቀው ጳውሎስ ማር ግሪጎሪዮስ በሚለው ስሙ ነው። የህንድ ኦርቶዶክስና የኛ ተዋሕዶ በአንድ ማዕድ የሚቀመጡ እኅትማማቾች መሆናቸውን ታውቁ ይሆናል፤ በ1965 እ.ኤ.አ. አባቶች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ነበር። ከእሱ በኋላ ደግሞ ስንትና ስንት የኬረላ መምህር መጣ! አባቶቻችን የእነዚያን መምህራን እንግሊዝኛ እየቀዱ ሲያስቁን ነው ያደግነው። በየጠቅላይ ግዛቱ፣ መብራት በሌለበት ከተማ፣ ሂሳብና ፊዚክስ ያስተማሩ ሰዎች ናቸው። ሐውልት ይሠራላቸው አልልም። ግን ከየት እንደመጡ በካርታ ላይ የሚያሳይ ተማሪ ቢኖረን ጥሩ ነበር።

ያው ግዛት ራሱን እንዴት እንዳስተማረም ማወቅ ያስፈልጋል። በ1989 እ.ኤ.አ. በኮቺና በአካባቢዋ በሺህ የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየሄዱ ሽማግሌና አሮጊት ፊደል አስቆጠሩ። በ1990 እ.ኤ.አ. ኤርናኩላም በህንድ የመጀመሪያው ማንበብና መጻፍ የሚችል ሕዝብ ያለበት አውራጃ ተብሎ ታወጀ፤ በዓመቱ ኬረላ በሙሉ። ለእኛ ይህ አዲስ ነገር ነው? አይደለም! በ1971 ዓ.ም. የጀመርነው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የዩኔስኮ ሽልማት ያገኘ ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። እነሱ ዘመቻው ሲያልቅ በየመንደሩ ቤተ መጻሕፍትና የጋዜጣ ንባብ ቤት ነበራቸው። ፊደል የቆጠረው ሰው የሚያነበው አላጣም። እኛ ፊደሉን ሰጥተን የሚነበበውን ረሳነው። ጀልባው ላይ ጋዜጣ ያነብ የነበረውን ሽማግሌ ሳስብ የሚመጣብኝ ይህ ነው።

አሁን ወደ አቋሜ። የሚቀርብብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ስብሰባ ላይ ሰምቼዋለሁና።

«በጀት የለም።» በእግር ለመሄድ በጀት አያስፈልግም። ጁገልን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ከሰዓት ትዞረዋለህ።

«ፖርሽን አይሸፈንም።» እሺ፣ ፖርሽን ስንሸፍን ኖረን ምን አተረፍን? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው። ችግሩ አንድ ብቻ አይደለም፣ በእግር ጉዞም አይፈታም። ግን «ጊዜ የለንም» ብለን የምንጠብቀው ነገር ምን እንደሆነ እንጠይቅ።

«ልጆቹ ይበተናሉ፣ አደጋ አለ።» ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው፣ አላቃልለውም። ስለዚህ ስልሳ ልጅ ይዞ መውጣት አይደለም። አሥራ አምስት፣ አሥራ አምስት ሆነው፣ ወላጅ ፈርሞ፣ ከወላጆች ሁለቱ አብረው፣ በሚያውቁት ሰፈር። ሰላም በሌለበት አካባቢ ያላችሁ ባልደረቦቼ ደግሞ ይህ ሁሉ ቅንጦት እንደሚመስላችሁ ይገባኛል፤ ለእናንተ ትምህርት ቤቱ ክፍት መሆኑ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

«ከተማቸውን እኮ ያውቁታል፣ እዚሁ ነው የተወለዱት።» በዚህኛው ላይ አልስማማም። ከግንቡ ውጭ አዲሱ ከተማ ውስጥ የሚኖሩ ተማሪዎቼን አምስቱን በሮች ጥሩ ብላቸው ሦስት ላይ ይቆማሉ። ጁገል በ2006 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ መሆኑን ለፈተና ያውቁታል፤ ውስጡን ግን እንደ ቱሪስት እንኳ አላዩትም።

የማስበው እንዲህ ነው። በሸዋ በር እንገባለን። መኪና ግርግር ላይ ቆመን የልብስ ስፌት መኪናውን ድምፅ እንሰማለን፤ መንገዱ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነውና። የራምቦ ቤት ተብሎ የሚታወቀው ቤት ፊት ለፊት ቆመን እጠይቃለሁ፦ ይህ ቤት የሐረር ቤት ይመስላል? አይመስልም። ህንዳዊ ነጋዴ ነው ያሠራው ይባላል። እሱስ እዚህ ምን ያደርግ ነበር? የእንጨት ሰገነቱን ያዩታል። ከዚያ ቅመም ተራ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቅመም ይዞ ከየት እንደሚመጣ ሻጯን እማማን ይጠይቃል፤ የምትለውን ይጽፋል፣ ክፍል ስንመለስ ከካርታ ጋር እናመሳክራለን። መጨረሻ ላይ ግንቡ ሥር ቁጭ እንልና ግንቡን ማን፣ ለምን፣ ማንን ፈርቶ እንደሠራው እንነጋገራለን። አሚር ኑር ይህን ግንብ ሲያሠሩ ኮቺ ላይ ፖርቹጋሎች የራሳቸውን ምሽግ ይዘው ተቀምጠው ነበር። የዚያን ቀን «ግራኝ» የሚለውና «ኢማም አሕመድ» የሚለው ልጅ አንድ ግንብ ተደግፈው ይቀመጣሉ።

ለዚህ ህንድ መሄድ አያስፈልግም። እኔ ህንድ የሄድኩት ለሕክምና ነው፤ የሄድኩበት ቀን ግን ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ምን ያህል እንደሚያይ አሳየኝ። አንድ ጀልባ፣ አንድ ድንጋይ፣ አንድ ሻማ፣ አንድ ከረጢት ዝንጅብል። እነዚህን አራቱን በአንድ ሴሚስተር ማስተማር ይቻላል።

ባልደረቦቼ፦ በዚህ ሴሚስተር አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ሞክሩት። አንድ! ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ወንዝም ይሁን፣ አሮጌ ወፍጮ ቤትም ይሁን፣ የመቃብር ቦታም ይሁን። ርእሰ መምህሩ ካኮረፈ ይህን ፖስት አሳዩት፣ ካኮረፈም በእኔ ያኩርፍ።

እናንተ የድሮ ተማሪዎቼ፦ አሁን በየከተማው ተበትናችኋል። አዳማ፣ ጅግጅጋ፣ ዱባይ፣ ሚኒሶታ ያላችሁ አላችሁ። «ቲቸር፣ በክፍል የነገርከንን ረስተነዋል» እያላችሁ ትስቁብኛላችሁ፤ እሺ። የቤት ሥራ ይኸውላችሁ። ቅዳሜ ወይም እሑድ ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ከታችሁ የምትኖሩበትን ሰፈር ለሁለት ሰዓት ዙሩ። አሮጌ ነገር ካያችሁ የሰፈሩን ሽማግሌ ጠይቁ። ያገኛችሁትን አንድ ነገር ከታች ጻፉልኝ። ጥሩ ጥሩውን ሰብስቤ ለዘንድሮዎቹ ተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ፣ ከነስማችሁ።

የመረቡን፣ የጀልባውንና የአፓሙን ፎቶ ኮሜንት ላይ አስገባለሁ። የሻማዋን ግን አላነሳሁም።